ፊትህን ይዘህ ና

የጠረጴዛ መብራቷ የተመለሰችልኝ ማክሰኞ ነው። ጥቁር ነጠላ የለበሱ ሴትዮ ከሁሩታ መጥተው ስልክ የምጠግንባት ሱቅ በር ላይ ቆሙና፣ ከፌስታል ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። መጠቅለያውን ሳልፈታው አወቅኋት። ከሥሯ ያለውን ክብ እንጨት የሞረድኩት እኔ ነኝ። በአንድ በኩል ትንሽ ይጎድላል፤ ጎዶሎውን ጣቴ ያውቀዋል።

"የሌንሳ አጎት አንተ ነህ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"የመምህርት እታገኘሁ ታናሽ እህት ነኝ" አሉና የቀረውን አልተናገሩትም። ነጠላቸው ተናግሮታል።

በሕይወቴ ብዙ ሰው ፈርቻለሁ። ከፈራኋቸው ሰዎች መካከል የናፈቁኝ ግን እኚያ መምህርት ብቻ ናቸው።

መምህርት እታገኘሁ እዚሁ አዳማ፣ ከሱቄ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ያስተምሩ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸውን ሁልጊዜ በሻሽ የሚያስሩ፣ ለጡረታ የተቃረቡ ሴት። ድምፃቸው ከፍ ዝቅ አይልም። "ጎበዝ" ሲሉም "ውጣ" ሲሉም ያው አንድ ድምፅ ስለሆነ፣ አዲስ የመጣ ልጅ ሲያሞግሱት ያለቅሳል። ወላጆች ኩራተኛ ይሏቸዋል። መንገድ ላይ ከኋላ ጠርተዋቸው ዞር ያላሉለት ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉም እንደተናቀ ቆጥሮ ይሄዳል።

ክፍል ውስጥ ደግሞ የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። ተቀምጦ ወይም አጎንብሶ የሚመልስ ልጅ መልሱ ትክክል ቢሆንም አይቀበሉትም። "ፊትህን ይዘህ ና" ይላሉ። ልጁ ተነስቶ እስከ ሰሌዳው ይሄዳል፣ ፊት ለፊታቸው ይቆማል፣ ከዚያ ይናገራል። ደወል ሲደወል ደግሞ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ብድግ ይላል። ሌሎቹ መምህራን በዚህ ይቀኑ ነበር፤ "የእታገኘሁ ልጆች ወታደር ናቸው" ይባላል።

ስጦታ አይቀበሉም። በበዓል ሰሞን የተላከላቸው ሁሉ በላከው ልጅ እጅ ይመለሳል። አንዲት እናት ሻርፕ ይዛ ራሷ ብትመጣ፣ "ዛሬ ይህን ከለበስኩ ነገ ልጅሽን ልቆጣ ስል አንገቴን ያንቀኛል" ብለው መልሰው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት ይባላል።

ሌንሳ የእህቴ ልጅ ናት። እህቴ ዓረብ አገር ከሄደች ወዲህ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። እናቷ በሄደች ሰሞን ድምጿ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ሹክሹክታ ላይ ቆመ። ሐኪሙ ጉሮሮዋ ደህና ነው አለ። አንደኛ ክፍልን "ይህቺ ልጅ አትናገርም" ተብላ ከኋላ ወንበር ላይ ጨረሰችው። ሁለተኛ ክፍል የገባች ሰሞን ግን ቦርሳዋን እንዳዘለች ሱቄ ውስጥ ገብታ ወደ ጆሮዬ ተንጠራራች።

"ቲቸር ሰማችኝ።"

"ምን አልሻት?"

"ሁሉንም።"

እንዴት ሊሰሟት እንደቻሉ አልጠየቅሁም። ደስ ሲለኝ መጠየቅ አልወድም፤ ደስታው የሚበላሽ ይመስለኛል።

በዚያ ዓመት ምድሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከወደ አዋሽ በኩል እየተነሳ አዳማ ድረስ ይመጣል። መጀመሪያ ሱቄ ውስጥ የተንጠለጠሉት የስልክ ገመዶች ይወዛወዛሉ፣ ከዚያ መስታወቱ ይንጫጫል፣ ከዚያ ጎዳናው ላይ ሰው ሁሉ ቆሞ ይተያያል። ትምህርት ቤቱ ደንብ አወጣ። ሲንቀጠቀጥ ልጆች ዴስክ ሥር ይገባሉ፤ ሲያቆም ደወሉ ሳያቋርጥ ይደወላል፤ ያኔ ሁሉም ወደ ሜዳው ይወጣል። ደወሉ ከኒሙ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው። የሚመቱት ዘበኛው ኦቦ ቱፋ ናቸው።

አንድ ቀን ሌንሳ የረሳችውን ምሳ ዕቃ ላደርስላት ሄጄ በሩ ላይ ስደርስ፣ ከሥሬ መሬቱ እንደ አሮጌ አውቶቡስ ተንገጫገጨ። ልጆች ጮኹ። ወዲያው ፀጥ አለ። ኦቦ ቱፋ ቸርኬውን መምታት ጀመሩ። የክፍሎቹ በሮች በተራ ተከፈቱ፤ ልጆች እየተገፋፉ ወጡ፤ ሜዳው ሞላ። አንድ በር ብቻ አልተከፈተም። የሌንሳ ክፍል ነው።

የብረቱን አጥር ጨብጬ ያንን በር አየሁ። ግድግዳው ላይ ከጣሪያው ጀምሮ የሚወርድ ስንጥቅ አለ፤ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ደወሉ ይጮሃል፣ ልጆች ይቆጠራሉ፣ በሩ ዝግ ነው። ኦቦ ቱፋም አዩት መሰለኝ ብረቱን ጥለው መሮጥ ጀመሩ። እሳቸው ሳይደርሱ በሩ ተከፈተና መምህርት እታገኘሁ ብቅ አሉ። ሜዳውን አዩት። በልጆች የተሞላውን ሜዳ ሲያዩ ፊታቸው አመድ ሆነ። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞረው ልጆቹን እየጎተቱ ማውጣት ጀመሩ።

ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሌንሳን ጠየቅኋት።

"ለምን ዘገያችሁ?"

"ዴስክ ሥር ነበርን።"

"ደወሉ ሲደወል ለምን አልወጣችሁም?"

"ዴስክ ሥር ሆነን እንዴት እንቆማለን?" አለችኝ፤ ነገር የማይገባው ሰው አስመስላ እያየችኝ። "እኛ ካልቆምን ቲቸር ደወሉን አታየውም።"

"ደወል ይታያል እንዴ?"

"ቲቸር እኮ በዓይኗ ነው የምትሰማው።" ትንሽ አሰበችና፣ "ለማንም እንዳትናገር" አለች።

"እሳቸው ናቸው አትናገሩ ያሏችሁ?"

"አይ። እኛው ነን።"

ከዚያ በኋላ ሥራ እንቢ አለኝ። የከፈትኩትን ስልክ ሳልዘጋ ሌላ እከፍታለሁ። ፍርሃቴ ሁለት ነበር፣ ሁለቱ ደግሞ አይታረቁም። ዝም ካልኩ አንድ ቀን ያ በር ሳይከፈት ሊቀር ይችላል። ከተናገርኩ መምህርቷ ከክፍሉ ይወጣሉ፤ ሌንሳም ከንፈሯን የሚያነብላትን ብቸኛ ሰው አጥታ ወደ ኋላ ወንበር ትመለሳለች።

አንድ ጠዋት ወስኜ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄድኩ። ላንኳኳ እጄን አንስቼ ሳለ ከዚያኛው ክፍል መስኮት "ሌንሳ፣ ፊትሽን ይዘሽ ነይ" የሚለው ወጥ ድምፅ ተሰማኝ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ረጅም ዝምታ፤ እኔ ምንም አልሰማም። ከዚያ "ትክክል። አጨብጭቡላት" አሉ፤ ክፍሉም አጨበጨበ። እጄን አውርጄ ተመለስኩ።

ገና ሲቃረብ ወላጆች በትምህርት ቤቱ በር ላይ ስለ ስጦታ ማውራት ጀመሩ። የምትመራቸው የሌንሳ የክፍል ጓደኛ የናቲ እናት ናት፤ መናኸሪያው አካባቢ ልብስ ትሸጣለች፤ ሳቋ ከሩቅ ይሰማል።

"ዘንድሮ እንቢ የማይሉትን አግኝቻለሁ" አለች። "ስፒከር! ቤታቸው ቁጭ ብለው መዝሙር ይሰሙበታል። አንተ ኢንጂነሩ፣ ድምፁን አንተ ትሞክርልናለህ።"

"ሌላ ነገር ቢሆንስ?" አልኩ።

"ወይ ጉድ፣ ተናገረ! ምን ይሁን?"

"ጋቢ" አልኩ።

"ጋቢ? በአዳማ ሙቀት? ሴትዮዋን እንቀቅላቸው?" ሁሉም ሳቁ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ።

በዚያው ሳምንት መብራቷን ሠራኋት። ከገበያ ገመድ አልባ የበር ደወል ገዛሁ። መጥሪያውን ፈትቼ፣ በእጅ ሲጫኑት ሳይሆን የታሰረበት ነገር ሲመታ እንዲነቃ አደረግሁት። የሚጮኸውን ክፍል ደግሞ ድምፅ ማውጫውን ነቅዬ በምትኩ አምፖል አስገባሁበት። እንጨት ሞርጄ፣ ወፍራም ብርጭቆ ደፍቼ፣ ተራ የጠረጴዛ መብራት አስመሰልኳት። ማንም ቢያያት ምንም እንዳያስብ ነበር ሐሳቤ። ስጨርስ ግን ሌላ ፍርሃት መጣ። ሻርፕ "አከብርዎታለሁ" ይላል፤ ሽቶም እንደዚያው። ይህቺ መብራት የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "አውቄብዎታለሁ።" እንዲህ ያለ ስጦታ ከማስፈራሪያ በምን ይለያል?

ትምህርት ቤቱ ለገና በሚዘጋበት ቀን ካርቶኑን ለሌንሳ አስይዤ ሄድኩ። ልስጥ አልስጥ ገና አልወሰንኩም ነበር። የእሳቸው ክፍል ልጆች ሜዳው ላይ መሬት ተቀምጠዋል፤ መምህርት እታገኘሁ አጎንብሰው የአንዷን ጫማ ያስራሉ። የናቲ እናት ከኋላቸው መጣች። ስፒከሩን ከፍ አድርጋ ይዛ መዝሙሩን ለቀቀችው። ግቢው በሙሉ ዞረ። የጎረቤት ክፍል መምህራን ከበር ወጡ። መምህርት እታገኘሁ ጫማ ያስራሉ።

"ኧረ ይሄ ምን ዓይነት ንቀት ነው?" አለች አንዷ እናት።

የናቲ እናት ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንደደረቀ ድምፁን ጨመረችው። ጫማው አላለቀም። አንድ ሰው ትከሻቸውን ቢነካ፣ አንዱ "አይሰሙም እንዴ?" ቢል፣ አበቃ።

ያኔ ናቲ ተነሳ። ቀጥሎ ሌንሳ። ከዚያ ልጆቹ በሙሉ ደወል እንደተደወለ ሁሉ ብድግ አሉ። መምህርቷ ባጎነበሱበት እግሮቹን አዩ። ቀስ ብለው ቀና አሉ፣ ልጆቹ ወዴት እንደሚያዩ አዩና ዞሩ። ስፒከሩን ተቀበሉ፤ በመዳፋቸው ይዘውት ንዝረቱን አዳመጡና አጠፉት።

"እግዜር ይስጥልኝ። መዝሙሩ ያማረ ነው። ይሄ ለናቲ ይሁን" ብለው ለእናቱ መለሱላት።

ከዚያ ወላጆቹን አንድ በአንድ አዩን። ሁሉም እሳቸውን ነበር የሚያየው። እኔ ብቻ የልጆቹን እግር አይ ነበር። ቀና ስል ዓይናቸው እኔ ላይ ቆሟል። በዚያው ቅጽበት ሌንሳ ሄዳ ካርቶኑን እጃቸው ላይ አስቀመጠች። እሳቸውም ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳያነሱ ያዙት። ስጦታ ሳይመልሱ ሲቀሩ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

የገና ማግስት ሱቄን ገርበብ አድርጌ ስሠራ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። መምህርት እታገኘሁ ናቸው፤ ነጭ ለብሰዋል። ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

ስናገር የማየው እጄን ነው፤ ልማዴ ነው። አንድ ነገር አጉተመተምኩ።

"ፊትህን ይዘህ ና።"

ቀና አልኩ። ዓይናቸው ከከንፈሬ ላይ አይነሳም። እንዲህ አድርጎ ያየኝ ሰው ትዝ አይለኝም።

"መብራት ነው" አልኩ።

"መብራት መሆኑንማ አየሁ። ይህቺ ትንሿስ?"

"ደወሉ ላይ የምትታሰር ናት። ደወሉ ሲመታ መብራቷ ትበራለች።"

ትንሿን ዕቃ አንስተው በጣታቸው ዳሰሷት።

"ለማን ተናገርክ?"

"ለማንም።"

"ለዳይሬክተሩ?"

"ለማንም አልተናገርኩም፣ መምህርት።"

"ምን ትፈልጋለህ ታዲያ? ሰው ምስጢር ይዞ ዕቃ ሲልክ የሚፈልገው አለ።"

የፈራሁት ይህንኑ ነበር። "ደወል ሲደወል ሌንሳ እንድትወጣ እፈልጋለሁ" አልኩ። "ደግሞ እርስዎ እንዲኖሩላት እፈልጋለሁ። ሁለቱንም።"

የደንበኛ መቀመጫዬ ላይ ቁጭ አሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ልማዱ ወጥ ነው፤ እንባቸው ግን ይወርድ ነበር። "በዚያ ቀን ልጆቹ ዴስክ ሥር ሲቆዩ መንቀጥቀጡ ገና ያላቆመ መሰለኝ። እግሬ የሚነግረኝ ሌላ ነው፤ አላመንኩትም። እነሱ ካልተነሱ አልተደወለም አልኩ። በኋላ በሩን ስከፍት ያ ሁሉ ልጅ ሜዳ ላይ ቆሟል፣ የእኔዎቹ ከጣሪያው ሥር ናቸው። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ያንን ሜዳ ነው የማየው።"

ተነስተው ጀርባቸውን ሰጡኝና መብራቷን ከፊታቸው አደረጉ። "ምታው እስቲ።"

ትንሿን ዕቃ በካቻቢቴዬ ነካሁ። የመብራቷ ቀይ ብርሃን ነጠላቸው ላይ ፈሰሰ።

"ድገመው።" ደገምኩ። "ድገመው።"

ከዚያ ዞሩ። "ቀይ ለምን አደረግኸው? ልጆቹ ይደነግጣሉ። ቢጫ አድርገው።"

እዚያው እንደቆሙ አምፖሉን ቀየርኩላቸው። እጄ ደስ ብሎት ይሠራ ነበር፤ የተቀበሉኝ መስሎኝ ነበርና። ስጨርስ መብራቷን አገላብጠው አዩአት።

"ግሩም መደበቂያ ነው የሠራህልኝ" አሉ። "ከልጆቹ የተሻለ ይደብቀኛል። በምንድን ነው የሚሠራው?"

"በባትሪ ድንጋይ።"

"ድንጋዩ አንድ ቀን ያልቃል። መኖሩን ማንም የማያውቀው መብራት ሲጠፋ፣ መጥፋቱን ማን ያውቃል?"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የሽቦውን ርዝመት፣ የብርጭቆውን ውፍረት፣ ሁሉንም አስቤ ነበር።

"ጥምቀት ሳይደርስ ለትምህርት ቤቱ ሰዎች እንነግራቸዋለን" አሉ።

"እንነግራቸዋለን?"

"አንተም ፊትህን ይዘህ ትመጣለህ።"

ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ቀን ሄድን። ዳይሬክተሩ ወጣት ነው፤ ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበላቸው። መምህርት እታገኘሁ መብራቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ "ጆሮዬ አይሰማም" አሉ። "ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጨርሶ አይሰማም። ያን ቀን የዘገየሁት ለዚህ ነው። ልጆቹ ሲሸፍኑልኝ ኖረዋል፤ ከእንግዲህ ግን እነሱ እንዲሸፍኑልኝ አልፈልግም።"

እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ዳይሬክተሩ ወደ መስኮቱ ዞሮ አንድ ነገር ማለት ጀመረ። እኔ እሰማለሁ፤ እሳቸው ግን ጀርባውን እያዩ ቆመዋል። ወደ ውስጥ ከገባን ወዲህ ፍርሃታቸውን በግልጽ ያየሁት ያኔ ነው። እጃቸው ጠረጴዛውን ጨብጧል።

"ጌታዬ" አሉ፣ "ፊትዎን።"

ዞረ። አፍሮ ነበር መሰለኝ፣ የተናገረውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ልጆቹን በዓመቱ አጋማሽ መምህር ማሳጣት እንደማይፈልግ፣ ነገር ግን የጎረቤቱ ክፍል መምህር ሁልጊዜ ደወል ሲደወል በሩን እንዲከፍትላቸው፣ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ጡረታቸውን እንዲጠይቁ ነገራቸው። እያንዳንዷን ቃል ከአፉ ላይ ለቀሙ። "ይሁን" አሉ። ከዚያ መብራቷን አንስቶ፣ "እንዴት ነው የሚሠራው?" ብሎ እኔን ጠየቀኝ።

ትንሿን ዕቃ ቸርኬው ላይ ያሰርኳት ከኦቦ ቱፋ ጋር ነው። "አካም ጅርታ፣ ልጄ" ብለው ሰላም አሉኝና መሰላሉን ያዙልኝ። "እኔ እኮ የምመታው ለጆሮ ነበር የሚመስለኝ" አሉ።

ምድሩ ጥምቀት ካለፈ በኋላ እንደገና ተንቀጠቀጠ። እኔ ሮጬ ስደርስ ቸርኬው ይመታል፤ በሮቹም ይከፈታሉ። የእሳቸው ክፍል ከሁሉ ቀድሞ አልወጣም፤ ከሌሎቹ ጋር ወጣ። ይህችን "ከሌሎቹ ጋር" የምትል ነገር ለማየት ስንት ተሳቅቄአለሁ። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይመጣሉ። መምህርት እታገኘሁ ከፊታቸው ወደ ኋላ እየተራመዱ ነበር፤ ጀርባቸውን ለሜዳው፣ ፊታቸውን ለልጆቹ ሰጥተው፣ የሁሉንም ከንፈር እያዩ።

ዓመቱ ሲያልቅ ጡረታ ወጥተው ወደ እህታቸው ወደ ሁሩታ ሄዱ። መብራቷን ትምህርት ቤቱ አስያዛቸው። እህትየው እንደነገሩኝ ትንሿን ዕቃ የግቢው በር ላይ አስረውላቸው ነበር፤ ሰው ሲያንኳኳ እሳቸው ከፋች ሆኑ።

"ታማ በተኛችበት ጠርታኝ፣ 'ስጦታ አይደለም፣ ውሰት ነው፤ ውሰጂና መልሽለት' አለችኝ" አሉ እህትየው። "እኛ ብናስቀረው ደስ ይለን ነበር። እትዬን ግን ታውቃታለህ።"

አውቃቸዋለሁ። ሴትየዋን ሸኝቼ ስመለስ መብራቷን ገልብጬ የሥሯን ክዳን ከፈትኩ። የባትሪ ድንጋዮቹ አዲስ ነበሩ።

ሌንሳ መርዶውን ስነግራት አላለቀሰችም። መብራቷን የሥራ ጠረጴዛዬ ጥግ አስቀመጠች፤ ትንሿን ዕቃ የሱቁ በር ላይ አሰረቻት። አሁንም የምትናገረው በሹክሹክታ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመጣ በሩን ትነካለች፣ ቢጫው ብርሃን እጄ ላይ ይወድቃል፣ እኔም ቀና እላለሁ። ከንፈሯን ማንበብ እየለመድኩ ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን እሷ አጠገቤ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ስትሠራ መብራቷ በራች። በሩ ላይ ማንም የለም። ነፋስ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እንደገና በራች። የተንጠለጠሉት ገመዶች ገና አልተወዛወዙም፤ መስታወቱም ዝም ብሏል፤ የሚርገበገበው በሩ ብቻ ነው። እኔ ካቻቢቴዬን እንደያዝኩ ብርሃኗን እያየሁ ደርቄ ቀረሁ። ሌንሳ ብድግ ብላ ቆመች። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው።

"ውጣ!" አለች።

ከንፈሯን ማየት አላስፈለገኝም።